የሲጋራ ሐራራ፡ ምንነቱና የሚለካበት መንገድ

የሲጋራ ሐራራ ሰውነቱ ኒኮቲንን የለመደ ሰው ለማጨስ የሚያድርበት ብርቱና አስገዳጅ ፍላጎት ነው። ቃሉ በዕለት ተዕለት አነጋገር ለቡናም ለጫትም ስለሚነገር ሐራራን እንደ ቀላል ነገር ማየት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሲጋራ ለማቆም የወሰነን ሰው ወደ ማጨስ ከሚመልሱት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሐራራ ነው። ሐራራ እንደ ትኩሳት በመሣሪያ ባይነበብም በተፈተኑ መጠይቆችና በቀላል መዝገብ ሊለካ ይችላል፤ ለአጫሹ የሚስማማው የእርዳታ ዓይነትም በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ልኬት ነው። ይህ ጽሑፍ በምዕራብ ጎጃም ዞን በሽንዲ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ ያለውን አኗኗር በምሳሌነት በመውሰድ ሐራራ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚለካና ከልኬቱ በኋላ ምን ማድረግ እንደሚቻል ያብራራል።

በቀን የሚጨሰው ብዛት ለምን አይበቃም

ለአጫሽ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «በቀን ስንት ሲጋራ ያጨሳሉ?» የሚል ነው። ጥያቄው አስፈላጊ ቢሆንም መልሱ ብቻውን የሐራራውን ብርታት አይገልጽም። በወረዳ ከተሞች ሲጋራ ብዙውን ጊዜ በፓኬት ሳይሆን በፍሬ ይገዛል። በፍሬ የሚገዛ ሰው የሚያጨሰውን መጠን የሚወስንለት ሱሱ ብቻ ሳይሆን በኪሱ ያለው ገንዘብም ጭምር ነው። በርበሬና በቆሎ ለገበያ በሚወጣበት ወቅት እጁ ሲረጥብ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ በክረምት ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ ዝቅ ይላል። ሐራራው ግን ከኪሱ ጋር አብሮ አይቀንስም። እንዲያውም ጥቂት ፍሬ ብቻ የሚያገኝ ሰው እያንዳንዷን በረጅሙ እየሳበ ከአንዲቱ ሲጋራ ብዙ ኒኮቲን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ «በቀን ሦስት ብቻ ነው የማጨሰው» የሚል ሰው ሱሱ ቀላል ነው ተብሎ ያለ እርዳታ መሸኘት የለበትም።

ሁለተኛው ምክንያት ይሉኝታ ነው። በአካባቢው ማጨስ በሃይማኖትም በባህልም የሚነቀፍ ተግባር ነው። ነቀፌታው ረጅም ታሪክ ያለው ሲሆን፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በዘመናቸው ትምባሆን እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው ብሔራዊ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ኢትዮጵያውያን መካከል ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ያህል ናቸው፤ በጾታ ሲታይ ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ ነው። አሃዙ ከብዙ አገሮች አንጻር ዝቅተኛ መሆኑ መልካም ነው። የዚያኑ ያህል ግን አጫሹ በቤተሰቡና በጎረቤቱ መካከል ብቸኛ ይሆናል፤ ተደብቆ ያጨሳል፤ ለጤና ባለሙያም ግማሹን ብቻ ይናገራል። በተለይ የሚያጨሱ ሴቶች ጉዳዩን ጨርሶ ላያነሱት ይችላሉ። መጠይቁን የሚሞላ ባለሙያም ሆነ ራሱን የሚመዝን አጫሽ ይህን ግምት ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።

ሐራራ በሰውነት ውስጥ እንዴት ይፈጠራል

ከሲጋራ ጭስ ጋር ወደ ሳንባ የገባ ኒኮቲን ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ አንጎል ይደርሳል። እዚያም ከተቀባይ ሕዋሳት ጋር በመገናኘት ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ አጫሹ የሚያገኘው እርካታና እፎይታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ማጨስ ሲደጋገም አንጎል ለኒኮቲን የተዘጋጁትን ተቀባዮች ቁጥር ያበዛል። በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በግምት በየሁለት ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ሌሊቱን ተኝቶ ያደረ አጫሽ የሚነቃው አብዛኛው ኒኮቲን ከሰውነቱ ወጥቶ ነው። የጠዋቷ የመጀመሪያ ሲጋራ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ የምትፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐራራ ሁለት መልክ አለው፤ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ በኋላ ለሚሰጠው እርዳታ ወሳኝ ነው። አንደኛው ኒኮቲን ሲጎድል ቀስ እያለ የሚነሣውና ቀኑን ሙሉ ከበስተጀርባ የሚቆየው ነው። ከዚህ ጋር ብስጭት፣ መቁነጥነጥ፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ የእንቅልፍ መዛባትና የምግብ ፍላጎት መጨመር አብረው ይታያሉ። ሁለተኛው በአንድ ቀስቃሽ ነገር ምክንያት ድንገት የሚነሣው ነው። ለአንዱ ሰው ቀስቃሹ የቡናው አቦል ሊሆን ይችላል፤ ለሌላው አረቄ ወይም ጠላ፣ ለሌላው ጫት። በመናኸሪያ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ሾፌር፣ በቡሬ ጭነት የሚያወርድ ሠራተኛ፣ ሌሊት ማሳ የሚጠብቅ ገበሬ የየራሳቸው ቀስቃሽ አላቸው። የሌላ ሰው ሲጋራ ሽታ ወይም የክብሪት ድምፅ ብቻ በቂ የሚሆንበት ጊዜም አለ።

የመጀመሪያው ዓይነት ሲጋራ በቆመ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበረታና አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየደከመ ይሄዳል። ሁለተኛው ዓይነት አንድ ጊዜ ሲነሣ የሚቆየው በአብዛኛው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ ሆኖም ሲጋራ ከተተወ ከወራት በኋላም ሊመለስ ይችላል። ለስድስት ወር ሳያጨስ የቆየ ሰው በአንድ ሠርግ ላይ ሐራራ ድንገት ቢይዘው ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም።

የጾም ሰዓትና ሐራራ

ሐራራ የኒኮቲን ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳይጨስ የቆየው ሰዓት በረዘመ ቁጥር አብሮ በጨመረ ነበር። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የእስራኤል ጥናት ሃይማኖታቸው በሰንበት ማጨስን የሚከለክላቸውን አይሁዳውያን አጫሾች መርምሮ ነበር። ሰዎቹ በሰንበት የተሰማቸው ሐራራ፣ በሥራ ቀን እንዳያጨሱ በተደረጉበት ጊዜ ከተሰማቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአውሮፕላን አስተናጋጆች ላይ የተካሄደ ሲሆን፣ በረራው አጭርም ሆነ ረጅም ሐራራው የሚበረታው ወደ ማረፊያው ሲቃረቡ መሆኑን አሳይቷል። በአጭሩ በረራ ማብቂያ ላይ የተሰማቸው ሐራራ በረጅሙ በረራ በዚያው ሰዓት ላይ ከተሰማቸው ይበልጥ ነበር።

ይህ ግኝት ለአገራችን አጫሾች እንግዳ አይሆንም። በዐቢይ ጾም ቅዳሴ እስኪወጣ፣ በረመዳን ደግሞ እስከ ማፍጠሪያ ድረስ ሳያጨሱ የሚውሉ ሰዎች፣ ቀኑ ሳይከብዳቸው ቆይቶ ሰዓቱ ሲቃረብ ሐራራው እንደሚበረታባቸው ያውቃሉ። ለልኬት ሥራ ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛ፣ በጾም ቀን ብቻ የተወሰደ ልኬት የሰውየውን ሐራራ አሳንሶ ሊያሳይ ስለሚችል በሌሎች ቀናትም መደገም አለበት። ሁለተኛ፣ ማጨስ ፈጽሞ እንደማይቻል በአእምሮ የተወሰነበት ሰዓት ሐራራውን ራሱን ያቀለዋል። «ዛሬ ልቀንስ» ከሚል ውሳኔ ይልቅ «ከዚህ ቀን ጀምሮ አላጨስም» የሚል ቁርጥ ቀን መያዝ የሚመከርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የመለኪያ መጠይቆች

በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት መጠይቅ በስዊድናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ በካርል ኦሎቭ ፋገርስትሮም ስም ይጠራል። የመጀመሪያው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1978፣ አሁን የሚሠራበት የተሻሻለው ቅጂ በ1991 የወጣ ሲሆን፣ በአገራችን በተካሄዱ ጥናቶችም ጥቅም ላይ ውሏል። ጥያቄዎቹ ስድስት፣ ከፍተኛው ነጥብ 10 ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከእንቅልፍ ከነቁ በኋላ የመጀመሪያዋን ሲጋራ በስንት ደቂቃ ውስጥ እንደሚያጨሱ ይጠይቃል። በ5 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ 3 ነጥብ፣ ከ6 እስከ 30 ደቂቃ 2፣ ከ31 እስከ 60 ደቂቃ 1፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከሆነ 0 ይያዛል። ሌላው በቀን የሚጨሰውን ፍሬ ይመለከታል፤ እስከ 10 ፍሬ 0፣ ከ11 እስከ 20 ፍሬ 1፣ ከ21 እስከ 30 ፍሬ 2፣ ከ31 ጀምሮ 3 ነጥብ አለው። የቀሩት አራት ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ ይይዛሉ፤ ማጨስ በተከለከለበት ቦታ መታገሥ የሚከብድ ከሆነ፣ ለመተው ይበልጥ የምትከብደው ሲጋራ የጠዋቷ የመጀመሪያ ከሆነች፣ ከነቁ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ከቀሪው ቀን ይልቅ አዘውትረው የሚያጨሱ ከሆነ፣ ታመው አልጋ ላይ በዋሉበት ቀንም የሚያጨሱ ከሆነ። ድምሩ ከ0 እስከ 2 ሲሆን ጥገኝነቱ በጣም ዝቅተኛ፣ 3 እና 4 ዝቅተኛ፣ 5 መካከለኛ፣ 6 እና 7 ከፍተኛ፣ ከ8 ጀምሮ በጣም ከፍተኛ ተብሎ ይመደባል።

ስለተከለከለ ቦታ የሚጠይቀው ጥያቄ በአገራችን የሕግ መሠረት አለው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ ክፍት በሆኑ የቤት ውስጥ ቦታዎችና በሥራ ቦታዎች ማጨስን፣ እንዲሁም ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። በመጠጥ ቤት ተቀምጦ ሲጋራ ለማጨስ በየጊዜው ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልሱን ሳያውቀው እየሰጠ ነው።

ጊዜ በሚያጥርበት ቦታ የጠዋቷ ሲጋራ ሰዓትና የቀኑ ብዛት ብቻ ተደምረው ከ0 እስከ 6 ባለው መለኪያ ይታያሉ። ለምሳሌ ያህል አንድ የወንበርማ ገበሬ በቀን 6 ፍሬ ብቻ ያጨሳል፤ የመጀመሪያዋን ግን በነቃ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይለኩሳል። ድምሩ 3 ነው። ሌላ በከተማ የሚኖር ወጣት በየቀኑ 12 ፍሬ ያጨሳል፤ የሚጀምረው ግን ከቀትር በኋላ ነው። የእሱ ድምር 1 ነው። ወጣቱ እጥፍ ቢያጨስም ሌሊቱን ሲጋራ ያጣ ሰውነት ብርቱ ጥያቄ የሚያነሣው በገበሬው ላይ ነው። የወጣቱ ሐራራ በአብዛኛው ከቀስቃሽ ነገሮች ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ይሉኝታ የሚያስከትለውን ስሕተት መርሳት አይገባም። ሚስቱና ልጆቹ እንዳያዩት ከቤት እስኪወጣ የሚታገሥ ሰው የመጀመሪያዋን ሲጋራ የሚያጨሰው ከነቃ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሆንና በመጠይቁ 0 ያገኛል። ነጥቡ በመጠይቁ ደንብ መሠረት ይያዛል፤ ይሁን እንጂ «ሲጋራ ያሰኘዎት መቼ ነበር?» የሚለው በጎን ተጠይቆ ቢመዘገብ እውነቱን ይበልጥ ያሳያል።

የፋገርስትሮም መጠይቅ በዋናነት የሚለካው ጥገኝነትን እንጂ በዚህች ሰዓት ያለውን ሐራራ አይደለም። ለዚህኛው ቲፋኒና ድሮብስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ባለ 32 ዓረፍተ ነገር መጠይቅ አዘጋጅተዋል፤ በ2001 ደግሞ ወደ 10 ዓረፍተ ነገር አጥሮ ወጥቷል። መጠይቁ በሁለት ፍላጎቶች መካከል ይለያል፤ አንደኛው ከማጨስ ደስታን የመጠበቅ፣ ሁለተኛው ከጭንቀትና ከመጥፎ ስሜት እፎይታን የመሻት ፍላጎት ነው። እፎይታን ሽቶ የሚያጨስ ሰው ከሐራራው ጀርባ ድባቴ ወይም የጭንቀት ሕመም ሊኖርበት ስለሚችል ይህንንም ለባለሙያ መንገር ይገባዋል።

በአንዳንድ ተቋማት በትንፋሽ ውስጥ ያለን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለካ መሣሪያ አለ። መሣሪያው በቅርብ ሰዓታት ጭስ መግባቱን ያሳያል እንጂ ሐራራን አይለካም። በእንጨትና በከሰል በሚበስልበት ቤት የምትውል ሴት ሲጋራ ሳትነካ ቁጥሯ ከፍ ሊል እንደሚችልም መታወቅ አለበት። መጠይቆቹ የተዘጋጁት ለሲጋራ በመሆኑ ሱረት ወይም ጋያ የሚጠቀም ሰው ይህን ለብቻው መናገር ይኖርበታል፤ የሚወስደው ኒኮቲን በሲጋራው ቁጥር ውስጥ አይታይምና።

የሐራራ መዝገብ

ማንም ሰው በቤቱ ሊያደርገው የሚችለው ልኬት መዝገብ መያዝ ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል፣ የገበያ ቀንና የጾም ቀን በሚገኙበት ሁኔታ፣ ሐራራ በተነሣ ቁጥር አራት ነገሮች ይጻፋሉ፤ ሰዓቱ፣ ቦታው ወይም አብሮ የነበረው ሰው፣ የሐራራው ብርታት ከ0 እስከ 10፣ እና ተጨሰ ወይስ ታለፈ የሚለው። 0 ምንም ፍላጎት የለም፣ 10 ደግሞ ከዚህ የሚብስ ሊኖር አይችልም ማለት ነው። አንድ መስመር «ጠዋት 12 ሰዓት ከ20፣ ቤት፣ 8፣ ተጨሰ» ሊል ይችላል፤ ሌላው «ቀን 7 ሰዓት፣ ከቡና በኋላ፣ 5፣ ታለፈ»። ቁጥሩ የሚጻፈው ሐራራው በተሰማ ጊዜ ነው። ማታ ላይ በትዝታ የሚጻፍ ቁጥር ቀኑን ሁሉ በአንድ ብርቱ ሰዓት ይመዝናል።

መጻፍ የማይችል ሰው ጥቂት የበቆሎ ፍሬ በቀኝ ኪሱ ይዞ ሐራራ በተነሣ ቁጥር አንዷን ወደ ግራ ኪሱ ማዛወር ይችላል፤ ማታ የግራው ሲቆጠር የቀኑ ሐራራ ብዛት ይታወቃል። ብርታቱን ባይገልጽም ከሳምንት ሳምንት ያለውን ለውጥ በግልጽ ያሳያል።

ከመዝገቡ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር የታለፉት ሐራራዎች ብዛት ነው። አንድም ቀን አልፌው አላውቅም የሚል ሰው ሐራራ የተነሣበት ነገር ግን ሲጋራ ያላጨሰበትን ሰዓት በመዝገቡ ውስጥ ያገኛል፤ ሲጋራ አልነበረም፣ ሰው ነበር፣ ሥራ በዝቶ ነበር፣ ከዚያም ሐራራው በራሱ ጊዜ ጠፋ። እነዚያ ሰዓታት ለባለሙያው ከነጥቡ ድምር ያላነሰ ጠቃሚ መረጃ ናቸው።

ልኬቱ ምን ዓይነት እርዳታ ያመለክታል

ጠዋት ላይ የሚበረታና ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ሐራራ ያለበት ሰው ከምክር በተጨማሪ መድኃኒት ሊያስፈልገው ይችላል። በቆዳ ላይ የሚለጠፉና እንደ ማስቲካ የሚታኘኩ የኒኮቲን ምትኮች እ.ኤ.አ. በ2009፣ ቡፕሮፒዮንና ቫሬኒክሊን ደግሞ በ2021 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። መድኃኒቶቹ በሁሉም የጤና ተቋም ስለማይገኙ ከመጓዝ በፊት መጠየቅ ይመረጣል። ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሰጥም። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴትም ማናቸውንም መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት ባለሙያ ማማከር አለባት።

የሚለጠፈው ኒኮቲን ከበስተጀርባ ያለውን ሐራራ ያቀላል፤ በድንገት የሚነሣውን ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም። ሐራራው በአብዛኛው በቀስቃሽ ነገር የሚነሣ ከሆነ ዋናው ሥራ ቀስቃሹን ማወቅና ለነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች የሚደረገውን አስቀድሞ መወሰን ነው። ፈጠን ብሎ ለጥቂት ደቂቃዎች መራመድ ሐራራን ለጊዜው እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። መጠጥ ውሳኔን ስለሚያላላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአረቄና ከጠላ መራቅ ይመከራል።

ቡና ላይ አንድ የማይታወቅ ነገር አለ። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ሲጋራ ሲቆም ካፌይን በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ፣ እንደ ቀድሞው አቦል፣ ቶናና በረካ የሚጠጣ ሰው ልቡ ሊመታ፣ ሊቁነጠነጥና እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። ይህን ሐራራ መስሎት ወደ ሲጋራ እንዳይመለስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናውን መቀነስ ይበጀዋል። በተመሳሳይ ምክንያት እንደ ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ሲጋራ ከማቆሙ በፊት ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላልና።

አገልግሎቱን የሚፈልጉ ነዋሪዎች በቀበሌያቸው ጤና ኬላ የሚገኙትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በማነጋገር መጀመር ይችላሉ፤ ባለሙያዎቹ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይልካሉ። አጫሹ ያለፈቃዱ የነገረው ጉዳይ ለቤተሰብም ሆነ ለሌላ ሰው አይነገርበትም። በክልከላ ቦታ ስለሚፈጸም ማጨስና ለወጣቶች ስለሚደረግ ሽያጭ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ጥቆማ መስጠት ይቻላል። ለምክር የሚመጣ ሰው የሳምንቱን የሐራራ መዝገብ፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችና ከዚህ በፊት ለማቆም የሞከረ ከሆነ ለስንት ቀን እንደቆየና ምን እንደመለሰው ይዞ ቢቀርብ ይመረጣል። ማጨስ የሚያቆምበት ቀን ከተወሰነ በኋላ የመጀመሪያው ክትትል በዚያው ሳምንት ውስጥ እንዲሆን ቀጠሮ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ሐራራው የሚበረታው በነዚያ ቀናት ነውና።